መዝገብ ዝም ያለበት ምድር፤ የአባ ጉዌን መጽሐፍ ከጁባ ሲነበብ

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ትርጓሜና በአንድ ካርታ ያልቃል። ትርጓሜውን ተማሪው ለፈተና በቃሉ ያጠናዋል። ካርታው ደግሞ ስምጥ ሸለቆውን በቀይ መስመር ያሳያል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን ከቀዩ መስመር ርቆ የሚኖር ሰው ስለዚህ ነገር የሚሰጋበት ምክንያት የለም የሚል እምነት ይዘው ከክፍል ይወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው መጽሐፍ ይህን እምነት ለማረም የሚያስችል ማስረጃ የያዘ ነው። ይሁን እንጂ አንባቢው ካልተጠነቀቀ መጽሐፉ ራሱ ያንኑ እምነት ሊያጠናክርበት ይችላል ብለን እናምናለን። ምክንያታችንንም እናቀርባለን።

መጽሐፉ ፒየር ጉዌን በእንግሊዝኛ የጻፉት «የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ» የተሰኘው ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ፣ በዓለም አቀፉ የልማት ምርምር ማዕከል አማካይነት ታተመ። አባ ጉዌን ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ሲሆኑ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ኦብዘርቫቶሪው ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። (በዚህ ጽሑፍ ቀኖችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንሰጣለን፤ የአውሮፓው በሚያስፈልግበት ቦታ «እ.ኤ.አ.» እንላለን።)

በመጀመሪያ የመጽሐፉን ታላቅነት መመስከር ተገቢ ነው። በአገራችን መሣሪያ ተተክሎ መመዝገብ የተጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ለማወቅ ደራሲው ዜና መዋዕሎችን፣ የመንገደኞችንና የሚሲዮናውያንን ማስታወሻ፣ ጋዜጦችንና በውጭ አገር የተተከሉ መሣሪያዎችን መዝገብ አንድ ላይ ማገናዘብ ነበረባቸው። አንድ ጸሐፊ «ምድር ተናወጠች» ቢል መንቀጥቀጡ የት ተሰማ? ግድግዳ ፈረሰ ወይስ ማድጋ ብቻ ተንቀሳቀሰ? ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው? በ1842 እ.ኤ.አ. አንኮበር ላይ የደረሰው ጉዳት ከመንቀጥቀጡ ነው ወይስ ዝናብ ካራሰው ተዳፋት መናድ? የታሪክ መምህርና የፊዚክስ መምህር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሊያስተምሩት የሚችሉት ነገር ቢኖር ይህ ነው። እኛ እንደምናየው ከመጽሐፉ ሠንጠረዦች ይልቅ ይህ የማጣራት ልማድ ለትምህርት ቤት ይበልጥ ይጠቅማል።

የካራቆሬን ጉዳይ እንውሰድ። በግንቦት 1953 መጨረሻ በሰሜን ሸዋ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ደጋው ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚወርድበት ገደላማ አገር፣ ለወራት የቆየ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከሁሉ የበረታው በሪክተር መለኪያ 6.5 አካባቢ ነበር። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ወደቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ፤ ናዳም ወረደበት። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው መለኪያው አንድ ሲሆን ጉዳቱ ግን ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያደናግራቸው ነጥብ እዚህ ላይ ይፈታል። ነጋሪት አንዴ ሲመታ የምቱ ኃይል አንድ ነው፤ አጠገቡ የቆመው ጆሮውን ይይዛል፣ ከወንዝ ማዶ ያለው ግን ምናልባት ይሰማው ይሆናል። ማግኒቲዩድ የምቱ ኃይል ነው፤ ለአንድ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። የጉዳት ደረጃ ግን በየመንደሩ የተሰማው ነው፤ እንደ ርቀቱ፣ እንደ አፈሩና እንደ ቤቱ አሠራር ይለዋወጣል። መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ስለተከሰተ መንቀጥቀጥ የሚናገር መጽሐፍ ሥራውን የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ቁጥሮቹንም በጥንቃቄ ማስተማር ያስፈልጋል። በማግኒቲዩድ የአንድ አሐድ ልዩነት በመሣሪያው ላይ የሚታየውን ውዝዋዜ 10 እጥፍ፣ የሚለቀቀውን ጉልበት ግን 32 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ስለሆነም 6 እና 7 እንደ ፈተና ውጤት «አንድ ነጥብ ብቻ» የሚለያዩ አይደሉም።

ጉልበቱ ከየት ይመጣል? የአፍሪካ ምድር በምሥራቅ በኩል እየተከፈለ ነው። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሁለቱ ወገኖች በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ይህ ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት እንኳ በጣም ያንሳል፤ ሆኖም በ100 ዓመት ከግማሽ ሜትር በላይ ይሆናል። አለት እንደ ሊጥ አይሳብም። እየተወጠረ ይቆይና አስቀድሞ በተሰበረበት መስመር፣ ማለትም በፎልት ላይ፣ በድንገት ይንሸራተታል። በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አንዱ ወገን ወደ ታች የሚወርድበት ፎልት ይበዛል፤ የደጋው ገደል ራሱ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። ሁለቱ ወገኖች ወደ ጎን የሚተላለፉበትም አለ። ፎልት የሩቅ አገር ነገር የሚመስለው አዲስ አበቤ ቢኖር ፍል ውሃ ዘንድ ሄዶ የሚፈላው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ ይጠይቅ። ከዚያ የሚያልፈው ስብራት በምንጩ ስም ይጠራል።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንመለስ። አንድ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ መንቀጥቀጡን ብቻ አይመዘግብም፤ ጸሐፊ የነበረበትንም ቦታ ይመዘግባል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው የሚከተለው ቤተ መንግሥቱን ነው። መንገደኛው የሚያልፈው በነጋዴ መንገድ ነው። ቴሌግራፍ፣ የባቡር ጣቢያና ቆንስላ ያለበት ከተማ ትንሹን ንዝረት እንኳ ሳያስመዘግብ አያልፍም። አርብቶ አደሩ ሰፊ ሜዳ ላይ ያየው ግን ከልጅ ልጁ ጆሮ አያልፍም። መጋቢት 20 ቀን 1961 በአፋር ሰርዶን ያፈረሰው መንቀጥቀጥ በደንብ የታወቀው ቦታው ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ በመሆኑና ኦብዘርቫቶሪው አስቀድሞ በመቋቋሙ ነው። ተመሳሳዩ ከ200 ዓመት በፊት ሆኖ ቢሆን ማን ይጽፈው ነበር? አባ ጉዌን የማስረጃቸውን ጉድለት የማያውቁ ሰው አልነበሩም። ችግሩ ሠንጠረዥና ካርታ የማሳመን ኃይል ስላላቸው ነው። ባዶ የሆነውን ቦታ የሚያይ ተማሪ «እዚህ ምንም አልሆነም» ብሎ ያነባል፤ ትክክለኛው ንባብ ግን «ከዚህ የጻፈልን የለም» የሚል ነው።

ይህን የምንለው ለመከራከር ያህል አይደለም። ይህን ሂስ የምንጽፈው በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ኮሎሎ በተባለው ሰፈር ሆነን ነው። ጁባ በተለመደው አነጋገር ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ ናት፤ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም እጅግ ሩቅ ናት። ተማሪው የሚያውቀው ቀይ መስመር በዚህ አያልፍም። ነገር ግን መጽሐፉ ከታተመ ከ11 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 12 ቀን 1982 ዓ.ም. (ሜይ 20 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.) ከንጋት በፊት፣ ከጁባ ብዙም ሳይርቅ ማግኒቲዩዱ 7.2 አካባቢ የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። በ20ኛው ምዕተ ዓመት በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት ታላላቅ መንቀጥቀጦች አንዱ ነው። በኡጋንዳና በኬንያም ተሰምቷል። ከ4 ቀን በኋላ ደግሞ ሌሎች ብርቱ መንቀጥቀጦች ተከተሉ። ሊቃውንቱ የመዝገቡን ሞገዶች ሲመረምሩ የዋናው መንቀጥቀጥ እንቅስቃሴ በአብዛኛው ወደ ጎን የመተላለፍ ዓይነት ሆኖ አገኙት። ከዚህም ተነሥተው አስዋ ከተባለውና ከኡጋንዳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ከሚዘረጋው እጅግ ጥንታዊ ስብራት ጋር አያያዙት። ስምጥ ሸለቆው ከመወለዱ አስቀድሞ የነበረ ጠባሳ በዛሬው ውጥረት እንደገና ሊነቃ ይችላል ማለት ነው።

ይህን ያህል ታላቅ መንቀጥቀጥ ሆኖ ሳለ ከአገራችን መምህራን መካከል ስንቱ ሰምቶታል? ያን ጊዜ ጁባ በእርስ በርስ ጦርነት የተከበበች ከተማ ነበረች፤ ጋዜጠኛውም ተመራማሪውም እንደልቡ ሊገባባት አይችልም ነበር። መሣሪያዎች ባይኖሩ ኖሮ ይህም በባዶው ቦታ ተቆጥሮ ይቀር ነበር። ከጁባ ጥቂት ኪሎ ሜትር በስተደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ዳር፣ ረጃፍ የሚባል ሾጣጣ ኮረብታ አለ። ስሙ በዐረብኛ «ተንቀጠቀጠ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። መዝገቡ ዝም ባለበት ቦታ የአገሩ ስም ሲናገር ቆይቷል። የቋንቋ መምህራን በየአካባቢያቸው እንዲህ ያለ ስም መኖር አለመኖሩን ቢያስጠኑ ደስ ይለናል።

የዝምታው ርዝመት ለምን እንደሚያሳስበን በቁጥር እናሳይ። በአገራችን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የወጣው የሕንፃ ደንብ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲዘጋጅ በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ንቅናቄ መሠረት አድርጎ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ ግን ስሌቱን ወደ 475 ዓመት አሳደገው። 475 ዓመት የሚለው ቁጥር ተራ ቢመስልም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ሕንፃ 50 ዓመት ቢያገለግል በዕድሜው እንዲህ ያለውን ንቅናቄ የማየት ዕድሉ ከ100 እጅ 10 ያህል ነው። (የሒሳብ መምህራን በ50 ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ያለመድረስን ዕድል በማስላት ይህን ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚመጥን ልምምድ ነው።) እንግዲህ አደጋው የሚመላለሰው በብዙ መቶ ዓመታት ሲሆን በጽሑፍ የተያዘው የጁባ ታሪክ 200 ዓመት እንኳ አይሞላም። በአገራችንም ብዙ አውራጃዎች ከዚህ የተሻለ መዝገብ የላቸውም። እንዲህ አጭር በሆነ ዝምታ ላይ ተመርኩዞ «እዚህ ሥጋት የለም» ማለት ተማሪው ለአንድ ሳምንት ስላልታመመ ፈጽሞ አይታመምም እንደማለት ነው።

በ1982 ጁባን ከከፋ እልቂት ካዳኗት ነገሮች አንዱ ቤቶቿ ቀላል መሆናቸው ይመስለናል። በእንጨትና በጭቃ የቆመ፣ ሣር የለበሰ ጎጆ ቢወድቅ እንኳ ሰውን እንደ ኮንክሪት ወለል ጨፍልቆ አያስቀርም። ዛሬ ኮሎሎን ስናይ ሁኔታው ሌላ ነው። ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች በሰፈሩ ይገኛሉ፤ ከጦርነቱ ማብቂያ ወዲህ በከተማይቱ ፎቅ በፎቅ ላይ ተነሥቷል፤ በብዙ ጣሪያ ላይ ውሃ የሞላ ሮቶ ተቀምጧል። ይህ ትችት ለጁባ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም፣ በአዳማም፣ በደሴም የምናየው ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ሲባል ግድግዳ የሌለው፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ሕንፃ በቀጭን እግር ላይ የቆመ ከባድ ሰው ይመስላል፤ ንቅናቄ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰበረው እግሩ ነው። በምሰሶ ውስጥ ፌሮ መግባቱ ብቻ አይበቃም። ፌሮውን የሚያስረው ስታፋ ተራርቆ ከታሰረ ወይም ጫፉ ወደ ውስጥ ካልታጠፈ ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ፌሮው ወደ ውጭ ይጎብጣል። ስታፋ ለመቆጠብ የሚደረገው ብልጠት ኮንክሪት ከፈሰሰበት በኋላ ስለማይታይ ደንብ ብቻውን አያስቆመውም።

የመጽሐፉ ሌላ ጉድለት ይህን የመሰለውን ነገር ለተራው አንባቢ አለማቅረቡ ነው። በእርግጥ ደራሲው ታሪክ ሊጽፉ እንጂ የጥንቃቄ መመሪያ ሊያዘጋጁ አልተነሡም፤ ስለዚህ ነቀፌታችን በእርሳቸው ላይ የሚከብድ አይደለም። የሚከብደው ከእርሳቸው በኋላ በመጣነው በእኛ ላይ ነው። በማጀቴና በሰርዶ የሆነው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኦታዋ ታተመ፤ የማጀቴ ተማሪ ግን የራሱን ከተማ ታሪክ በቋንቋው የሚያነብበት አንድ ገጽ እንኳ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ስለ ጃፓን የሚነግረው ምዕራፍ ግን አያጣም። መጽሐፉ ዛሬ በአሳታሚው የኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ ቢያንስ የየአካባቢውን ክፍል ተርጉሞ ለክፍል ማቅረብ ከመምህራን አቅም በላይ አይሆንም።

ስለ ጥንቃቄ በትምህርት ቤት የሚነገረውም ቢሆን መታረም አለበት። «ተጎንበስ፣ ተሸሸግ፣ ጨብጠህ ያዝ» የሚለው ምክር በጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ላለ ሰው ትክክል ነው። ተማሪው ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ እግሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ከመስኮትና ከቁም ሣጥን ይርቃል፤ ወደ ደረጃ አይሮጥም። ብዙ ልጆች በአንድ ጠባብ በር ሲጋፉ መንቀጥቀጡ ካደረሰው ጉዳት መገፋፋቱ ያደረሰው ይብሳል። ነገር ግን ይህን ምክር በጭቃ በተያያዘ የድንጋይ ግድግዳና በከባድ ጣሪያ ሥር ለሚኖር የገበሬ ልጅ እንደ ቁራን ወይም እንደ ዳዊት ማስደገም አይበቃም። እንዲህ ያለ ቤት ቶሎ ይደረመሳል፤ በሩ አጠገብ ላለ ሰው ወዲያው ወጥቶ ከግድግዳ መራቅ ይሻለዋል። ከገደል ሥር የሰፈረ መንደር ደግሞ የሚጠነቀቀው ከላይ ለሚመጣው ናዳ ነው፤ ካራቆሬ ያስተማረችው ይህን ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት መመሪያ ከመላክ ይልቅ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ክፍል እንዲመረምሩ ማድረግ ይመረጣል። የሚወድቀው ምንድን ነው? መደርደሪያው ከግድግዳ ጋር ታስሯል? በሩ ወደ ውጭ ይከፈታል? የተሰነጠቀው የግቢ አጥር በማን መንገድ ላይ ነው?

ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል። የካቲት 7 ቀን 2017 ማግኒቲዩዱ 6.0 የደረሰ ተመዘገበ። በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ አዲስ አበባም በተደጋጋሚ ተወዛወዘች። በዚያን ወቅት ቀንና ሰዓት እየቆረጠ «ነገ ታላቁ ይመጣል» የሚል ወሬ ሲናፈስ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ተደናገጠ። የመሬት መንቀጥቀጥን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ሊናገር የሚችል ሳይንስ እስካሁን የለም። ሳይንስ የሚችለው በአንድ አካባቢ በረጅም ዘመን ውስጥ ምን ያህል ንቅናቄ እንደሚጠበቅ መገመት ነው። ይህን ልዩነት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለቤተሰቡ ማስረዳት ቢችል ትምህርታችን ፍሬ አፍርቷል እንላለን። ለማነጻጸር ያህል በ1982 ከጁባ አጠገብ የተለቀቀው ጉልበት ከየካቲቱ 60 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ከላይ በሰጠነው ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

መጽሐፉ የጀመረውን ሥራ ማስቀጠል መሣሪያ ያለው ሰው ብቻ የሚችለው አይደለም። በ1953 የ10 ዓመት ልጅ የነበሩ የካራቆሬና የማጀቴ ሰዎች ዛሬ ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። በጁባም ግንቦት 1982ን የሚያስታውሱ ጎልማሶች ብዙ ናቸው። ተማሪው ደብተር ይዞ እነዚህን ሰዎች ሲጠይቅ «ፈራህ?» ከሚለው ይልቅ የሚለካ ነገር መጠየቅ አለበት። ተኝተው ነበር ወይስ ነቅተው? ቆሞ መሄድ ይቻል ነበር? የትኛው ግድግዳ ቀድሞ ወደቀ፣ ወደ የትኛውስ አቅጣጫ? ከየትኛው ዕቃ ምን ወደቀ? የምንጩ ውሃ ደፈረሰ ወይስ ጠፋ? ከዋናው በፊት ትናንሽ ተሰምተው ነበር? የሁለት ሰዎች ቃል ሲለያይም አንዱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ እያንዳንዳቸው የነበሩበትን ቦታና ቤቱ ከምን እንደተሠራ ጭምር ጽፎ ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአፈሩ ይሁን ከግድግዳው የሚለየው የመንደሩ ሁሉ ቃል በአንድ ካርታ ላይ ሲሰፍር ነው።